«እማዬን ዘንድሮም አልመጣም ልበላት?» የገና ሰሞን ጥያቄዎቻችሁ

ከኮሮና ጋር ሁለተኛው ገናችን ነው። አምና በዚህ ሰሞን ብዙዎቻችን «የአንድ ዓመት ነገር ነው፣ እንችለዋለን» ብለን ነበር። ይኸው ዲሴምበር 2021 ደረሰ። ኦሚክሮን የሚባል አዲስ ዝርያ ብቅ አለ፣ የአምናው ጥያቄም ተመልሶ መጣ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከትናንሽ ከተሞች ናቸው። ሰው ሁሉ ከሚተዋወቅበት፣ አንድ ዋና መንገድና አንድ ፋርማሲ ካለበት ቦታ ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ትልቅ ከተማ ውስጥ ማስክ ያላደረገ ሰው አጠገብህ ቢቀመጥ ተነስተህ ሌላ ቦታ ትቀመጣለህ፣ አለቀ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን ያ ሰው አስተማሪህ ነው፣ ወይ የክርስትና እናትህ ናት፣ ወይ ነገ ልጅህ ሲያተኩሰው የምትሮጥላት ነርስ ናት። ዲሴምበር 25 የምታከብሩም ታኅሣሥ 29 የምታከብሩም ጽፋችሁልኛል፣ ጭንቀቱ አንድ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትኖረው እኛ ባደግንባት ትንሽ ከተማ ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። አምና ማናችንም አልሄድንም። ዘንድሮ «ሁላችሁም ካልመጣችሁ እኔ ገና የሚባል ነገር አላከብርም» ብላለች። ከነልጆቻችን 14 ሰው እንሆናለን። ታናሽ ወንድሜ አልተከተበም፣ ስለ ክትባት ሲነሳ ስልክ ይዘጋል። አልመጣም ልበላት ወይስ ዝም ብዬ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ብለሽ አትሂጂ። ዝም ብለሽም አትቅሪ። ሁለቱም ዝምታ ነው፣ እናትሽንም የሚጎዳት እሱ ነው። መጀመሪያ ለወንድሞችሽና ለእህቶችሽ ደውይ፣ ለእሷ ሳይሆን። በቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትጻፊው፣ ግሩፕ ላይ ሰው ለመርታት ነው የሚጽፈው። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ደውለሽ «እማዬ ስኳር አለባት፣ እንዴት አድርገን እንያት?» በያቸው። «እንሂድ ወይስ እንቅር» ብለሽ ከጀመርሽ ግን ጭቅጭቅ ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ 14 ሰው በአንድ ቀን በአንድ ቤት አይገባም። ተራ በተራ ሂዱ። በዋናው ቀን ሁለት ቤተሰብ፣ የቀራችሁት ደግሞ በሚቀጥሉት ሳምንታት። እንዲያውም ለእሷ ይሻላታል፣ በዓሉ ይረዝምላታል፣ ከእያንዳንዳችሁ ጋርም ቁጭ ብላ ታወራለች።

ስለ አየር ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቫይረሱን እንደ ሲጋራ ጭስ አስቢው። አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ቢያጨስ፣ መስኮቱ ከተዘጋ፣ ጥግ ላይ ያለውም ሰው ይሸተዋል። መስኮትና በር ፊት ለፊት ከተከፈተ ጭሱ ይወጣል። ስለዚህ እናታችሁን ጋቢም ሹራብም ደራርባችሁ አልብሷትና መስኮቱን ክፈቱት። ፈጣን ምርመራ ካገኛችሁ የምትሄዱበት ቀን ጠዋት ተመርመሩ። ከሳምንት በፊት የተደረገ ምርመራ ስለ ዛሬ ምንም አይናገርም። ኔጋቲቭ ቢሆንም ሙሉ ዋስትና አይደለም፣ ምልክት ሳይታይበት የሚያስተላልፍ ሰው ብዙ ነው። እናትሽ ማጠናከሪያ ክትባት ካልወሰደች አሁኑኑ ጠይቁላት። ክትባቱ መያዝን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም ጠንቶ ሆስፒታል ከመግባት በደንብ ይከላከላል፣ እሷን የሚያሰጋት ደግሞ ይኸው ነው።

ታናሽ ወንድምሽን አታሳምኚው፣ ጊዜም የለሽም። «ስለምንወድህ እንድትቀር አንፈልግም፣ ግቢ ውስጥ፣ ማስክ አድርገህ፣ ራቅ ብለህ እያት» በይው። በሩ ለሱም እንዳልተዘጋ ይወቅ።

አንድ ነገር ብቻ ከአምናው ውሰጂ። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት እስከ ሦስት ቤተሰብ ከዲሴምበር 23 ጀምሮ ለ5 ቀን መገናኘት ይችላል ብሎ ነበር። ሰው ሻንጣውን ካዘጋጀ በኋላ፣ ዲሴምበር 19 ላይ፣ ለለንደንና ለደቡብ ምሥራቁ ጭራሽ ተሰረዘ፣ ለሌላው ወደ አንድ ቀን ወረደ። ያን ቀን የስንቱ እናት እንዳለቀሰች አስቢው። ስለዚህ ሁለተኛውን ዕቅድ ከወዲሁ ንገሪያት፦ «እማዬ፣ ከመካከላችን አንዱን ካመመው ቀኑን እናሸጋግረዋለን፣ ይህም ይኸው ቀኑ» በያት። ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ። «ሌላ ጊዜ» የሚባል ቀን እናቶች አያምኑበትም።

እኔ አምና እናቴን ያየኋት በመስኮት ነው። እኔ ግቢ ቆሜ፣ እሷ ውስጥ ሆና፣ በስልክ እያወራን። ትንፋሿ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች ታየኝ ነበር። 20 ደቂቃ ነው። ዘንድሮም ድረስ ታነሳዋለች።

ጥያቄ፦ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በሰፈሩ ሌላ ስለሌለ ሁሉም የሚገዛው ከኔ ነው። በገና ሰሞን ሰው ይጋፋል። ማስክ አድርጉ ስል ይስቁብኛል። የድሮ አስተማሪዬ ያለ ማስክ ገብተው «አንተ ልጅ፣ ዛሬ እኔን ልታዝ?» አሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ኮሮና ሲይዛት የመጠናት ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ አፍህን የምትዘጋበት ጊዜ አይደለም። ግን ትእዛዙ ካንተ አፍ ባይወጣ ይሻላል። በሩ ይዘዝ። በሱቁ በር ላይ ጠረጴዛ አግድመህ አስቀምጥ፣ ማንም አይግባ፣ ሰው የሚፈልገውን ከውጭ ይንገርህና አንተ አውጥተህ ስጠው። የሚችል በስልክ ይዘዝና መጥቶ ይውሰድ። ለአረጋውያን የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ለይላቸው። ሁሉም እኩል ውጭ ሲቆም ማንም አልተናቀም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ኢያም የምትባል መንደር አለች። በ1665 ወረርሽኝ ሲገባባት፣ በቀጣዩ ዓመት ቄሳቸው ዊልያም ሞምፔሰን በሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ሕዝቡን አሳምነው መንደሯን ዘጉ። በዳርቻው ላይ ጉድጓድ ያለው ድንጋይ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ሳንቲማቸውን ኮምጣጤ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ይተዉና ይርቃሉ፣ የጎረቤት ሰዎች ምግቡን አስቀምጠው ሳንቲሙን ያነሳሉ። ድንጋዩ ዛሬም አለ። በድንጋዩ የተቀየመ ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። ያንተ ጠረጴዛም እንደዚያ ድንጋይ ነው። ኮምጣጤው ግን ይቅርብህ፣ ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ስለሆነ ሳንቲም ከማጠብ በርና መስኮት መክፈት ይበልጣል።

አስተማሪህን ደግሞ ሰው በሌለበት አግኛቸው። «ጋሼ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ፈርቻለሁ፣ እባክዎ ይርዱኝ» በላቸው። ልታዘኝ ነው ወይ ያሉህ ሰው፣ እርዱኝ ስትላቸው ከበሩ ላይ ቆመው ሌላውን የሚያሰልፉልህ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። አስተማሪ ናቸውኮ።

ጥያቄ፦ የመዘምራን አስተባባሪ ነኝ። 18 ነን። የምንለማመድበት ክፍል ጠባብ ነው፣ ብርድ ስለሆነ መስኮት አንከፍትም። እጅ እንታጠባለን፣ አንተቃቀፍም። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በአሜሪካ፣ ዋሺንግተን ግዛት፣ ማውንት ቨርነን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የመዘምራን ቡድን ማርች 10 ቀን 2020 ተለማምዶ ነበር። 61 ሰዎች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። እነሱም እንደናንተ ለእጃቸው ተጠንቅቀው ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሰው ጉንፋን የመሰለ ምልክት ነበረበት። በኋላ 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። ሰው ሲዘምር ከሚናገርበት ጊዜ የበለጠ ትንፋሽ ያወጣል፣ የተዘጋ ክፍል ደግሞ ያንን ይዞ ያስቀረዋል።

ውጭ ዘምሩ። ቀን፣ ፀሐይ ሳለች፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ማስክ አድርጋችሁ። የኢያሙ ቄስም ቤተ ክርስቲያኑን ዘግተው ሕዝቡን ሜዳ ላይ ነበር የሚሰብኩት። ሰዓቱን መቀየር ካስጨነቃችሁ፣ አምና በቫቲካን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት አቡነ ፍራንሲስ ራሳቸው በሰዓት እላፊው ምክንያት የገናን ዋዜማ ቅዳሴ ከምሽቱ 1፡30 ላይ አድርገውታል። ያመመው ሰው ደግሞ ይቅር። ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር።

ጥያቄ፦ 8 ዓመቴ ነው። አክስቴ ናት የጻፈችልኝ። የገና አባት ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ኮሮና ይጎዳዋል ይላሉ። ይመጣል ወይ?

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም የተጨነቅሽው። አምና ብዙ ልጆች ይህንኑ ጠይቀው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዋ ማሪያ ቫን ከርክሆቭ የገና አባትን ኮሮና እንደማይዘው ለልጆች ነግረዋል። የአሜሪካው የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ዶክተር አንተኒ ፋውቺ ደግሞ እኔ ራሴ ሄጄ ከትቤዋለሁ ብለዋል። ስለዚህ አትስጊ። አንቺ ግን ስለ ሽማግሌዎች ማሰብሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። በሰፈራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ ካሉ አንድ ሥዕል ሥለሽ በበራቸው ሥር አስገቢላቸው።

ጥያቄ፦ ኮሮና ይዞኝ ዳንኩ። ከመታመሜ ከሁለት ቀን በፊት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ቤት ተቀምጬ ነበር። እሳቸው ታመው ሞቱ። አሁን ከተማው ሁሉ «እሷ ናት የገደለቻቸው» ይላል። ልጄን ትምህርት ቤት የሚያጫውታት ጠፋ። ገና ላይ ከቤት ለመውጣት ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀድሜ የምነግርሽ ይህን ነው፦ አላወቅሽም። ኮሮና ምልክት ከመታየቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ሊተላለፍ ይችላል። እዚያ ቤት የገባሽ ዕለት ጤነኛ ነኝ ብለሽ ነው የገባሽው። ሁለተኛ፣ ለሳቸው ያስተላለፍሽው አንቺ መሆንሽን ማንም አያውቅም። አንቺስ ከማን ያዘሽ? ያ ሰውስ ከማን? በአንድ ሱቅና በአንድ ቤተ ክርስቲያን በሚገናኝ ከተማ ውስጥ ክሩን ስበሽ ጫፉ ላይ አትደርሺም።

አምና ቤልጂየም ውስጥ ሞል በምትባል ከተማ የሆነውን ልንገርሽ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው እንደ ቅዱስ ኒቆላዎስ፣ እዚያ እንደ ገና አባት ስጦታ ያመጣል እንደሚባለው ቅዱስ፣ ለብሶ የአረጋውያን መጦሪያ ሄደ፣ ሊያስደስታቸው። በኋላ እሱም ኮሮና እንዳለበት ታወቀ፣ በመጦሪያው ከ20 በላይ አረጋውያን ሞቱ። ዓለም ሁሉ ጣቱን በዚያ ሰው ላይ ቀሰረ። ጉዳዩን ያዩት የቫይረስ ተመራማሪው ማርክ ቫን ራንስት ግን ያን ያህል ሰው በአንድ ሰው ብቻ መያዙ እንደሚከብድና የሕንፃው አየር በደንብ አለመናፈሱ ድርሻ ሳይኖረው እንዳልቀረ ተናገሩ። ይህን ሁለተኛውን ዜና ስንቱ ሰው ሰማው? የመጀመሪያው ግን ሁሉ ቤት ገባ። ያን ሰው አንዳንዴ አስበዋለሁ።

የሟቿን ልጆች ለቅሶ ደርሰሻል? ካልደረስሽ ሂጂ። ብቻሽን አይደለም፣ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይዘሽ፣ ደጅ ላይም ቢሆን። አታስተባብዪ፣ አትከራከሪ። «እናታችሁን እወዳቸው ነበር፣ መታመሜን ባውቅ ኖሮ ደጃቸውን አልረግጥም ነበር» በያቸው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሐሜት የሚኖረው ሁለታችሁ እስካልተነጋገራችሁ ድረስ ነው። ለልጅሽ ደግሞ አስተማሪዋን አነጋግሪ፣ እናቷ መዳኗንና አሁን ለማንም እንደማታስተላልፍ ለልጆቹ በቀላል ቃል እንዲነገርላት። አንድ ልጅ ብቻ አብሯት ከተጫወተ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ይህን የምታነቡ የዚያች ከተማ ሰዎች ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ። ዛሬ እሷን ስትጠቁሙ የሚያይ ሰው ነገ ሲያስለው አይመረመርም። ተደብቆ፣ እያሳለ፣ እናንተው ጋ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከተማችን እስካሁን በሽታው ብዙም አልነካትም። ለገና ግን ከትልልቅ ከተሞች ሰው ሊጎርፍ ነው። የማኅበራችን ኮሚቴ መንገዱን እንዝጋ ይላል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ሐሳቡ የመጣበት ቦታ ይገባኛል። በ1918፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ጊዜ፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ያለች ጋኒሰን የምትባል ትንሽ ከተማ ይህንኑ አድርጋለች። መንገዶቿን በአጥር ዘጋች፣ ከባቡር የወረደውን መንገደኛ ሁሉ ለይታ አቆየች። ገናን በዚያው ሁኔታ አሳለፈች፣ እስከ 1919 መጀመሪያም ቆየች፣ ሌላው ቦታ ሲረግፍ እሷ ከሞላ ጎደል ተረፈች።

ግን ያን ያደረገው ኮሚቴ ሳይሆን የከተማው አስተዳደርና የጤና ኃላፊው ናቸው፣ በሕግ። እናንተ መንገድ ብትዘጉ ወደ ሆስፒታል የሚሮጠውንም ነው የምታስቆሙት። ጣሊያን እንኳ አምና ለገና እንቅስቃሴ ስታግድ ከ5,000 ሰው በታች ላላቸው ትናንሽ ከተሞች ነዋሪዎች በአንዳንዶቹ ቀናት እስከ 30 ኪሎ ሜትር እንዲንቀሳቀሱ ፈቅዳ ነበር፣ ትንሽ ከተማ ሁሉ ነገር በውስጧ እንደማይገኝ አውቃ።

እኔ ብሆን ኮሚቴውን ስልክ አስደውለው ነበር። እንግዳ የሚጠብቀውን ቤት ታውቁታላችሁ። አንድ በአንድ ደውሉና «ልጆቻችሁ ከመነሳታቸው በፊት ይመርመሩ፣ ከመምጣታቸው በፊት ባሉት ቀናት ግርግር ውስጥ አይግቡ፣ እዚህ ሲደርሱም መጀመሪያ ቤታቸው ይቆዩ» በሏቸው። ልጁን ሦስት ዓመት ያላየ አባት አጥር ቢያይ ይዘላል፣ ቢለመን ግን ይሰማል።

ጥያቄ፦ 62 ዓመቴ ነው። በሐምሌ ባለቤቴን ኮሮና ወሰደብኝ። 38 ዓመት አብረን ኖረናል። ሆስፒታል ገብቼ እጁን እንድይዝ አልተፈቀደልኝም፣ ቀብሩ ላይም የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን። ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ሰው ሁሉ «በርቺ» ይለኛል። በየዓመቱ የገናን መብራት በር ላይ የሚሰቅለው እሱ ነበር። ዘንድሮ ምን ላድርግ? በሬን ዘግቼ ልተኛ?

መልስ፦ እናቴ፣ እኔ በርቺ አልልዎትም። እስካሁን ብዙ በርትተዋል። በርዎን ዘግተው መተኛት ከፈለጉም ማንም ሊቆጣዎት አይገባም።

ግን ደብዳቤዎን ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ቀብሩ ላይ ሊመጡ ፈልገው ያልተፈቀደላቸው ሰዎች አሉ። እነሱም ያላለቀሱት ልቅሶ አለባቸው፣ በዚያች ትንሽ ከተማ በእርስዎ በር ሲያልፉ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው «በርቺ» ብለው ይሄዳሉ። እስቲ እርስዎ ይጠይቋቸው። «ስለ እሱ አንድ የምታስታውሰውን ነገር ንገረኝ» ይበሏቸው። አብሮት የሠራውን፣ ገንዘብ ያበደረውን፣ በልጅነቱ ኳስ አብሮት የተጫወተውን። ደጃፍ ላይ ቆመው ሊነግሩዎት ይችላሉ፣ በስልክም ይሆናል። በደብተር ይጻፉት። እርስዎ የማያውቁት ነገር ይመጣል። በ38 ዓመትም ያልነገረዎት ነገር አይጠፋም። ልጆችዎ ገና ላይ በቪዲዮ ሲደውሉ ያንብቡላቸው።

ለዕለቱ አንድ ሰው ብቻ ይምረጡ፣ ሰዓት ቆርጠው ይጥሩት። «ብቅ በል» አይበሉ፣ ብቅ በል የተባለ ሰው አይመጣም። «በ10 ሰዓት ና» ይበሉት። ሁለታችሁ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ አንድ ሰዓት።

መብራቱ የት እንዳለ ያውቃሉ? ብዙ ጊዜ ባሎች እነሱ ብቻ በሚያውቁት ቦታ ነው የሚያስቀምጡት። የጎረቤት ልጅ ይጥሩና ከላይ ከቁምሳጥኑ ይጀምሩ። ከተገኘ ልጁ ከውጭ በኩል መሰላል ይዞ ይስቀልልዎት፣ እርስዎ ከታች ሆነው ባለቤትዎ እንዴት አድርጎ ይሰቅለው እንደነበር ይንገሩት፣ ግራውን ከፍ፣ ቀኙን ዝቅ። ካልተገኘም ይጻፉልኝ።